ከቀዶ ሕክምና በኋላ የሚመጣ ማቅለሽለሽና ማስመለስ፦ ከየት ይነሣል? እንዴትስ አስቀድሞ ይከላከሉታል?

ቀዶ ሕክምና የሚጠብቀው ሰው ብዙውን ጊዜ ሁለት ነገር ይፈራል፤ ከሰመመን ሳይነቃ መቅረትን፣ ከነቃም በኋላ የቁስሉን ሕመም። ኦፕራሲዮን ሆነው የተነሡ ሰዎች ሲያወጉ ግን ደጋግሞ የሚነሣው ሌላ ነው፤ ሕመሙን መርፌ አስታገሠላቸው፣ ያንገላታቸው ግን ወደ ላይ ማለቱና ማስመለሱ ነበር። ይህ የጥቂት ሰዎች ስሜት ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1999 ይፋ በሆነ አንድ ጥናት የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ለቀዶ ሕክምና የተዘጋጁ ሕሙማን ከሰመመን በኋላ ሊያጋጥሙ ከሚችሉ ችግሮች የትኛው ከሁሉ በላይ እንዳይደርስባቸው እንደሚሹ በደረጃ እንዲያስቀምጡ ጠይቀው ነበር፤ ማስመለስ ከቁስል ሕመም ቀድሞ በአንደኛነት ተቀመጠ።

በአገራችን የሕሙማን ክፍሎች ግን ነገሩ እንደ ዕጣ ፈንታ ሲታይ ይስተዋላል። አስታማሚ ተጨንቆ ምን ይደረግ ሲል ብዙ ጊዜ የሚሰማው መልስ «ማደንዘዣው እስኪወጣ ነው፤ ታገሡ» የሚል ነው። መልሱ ፈጽሞ ሐሰት ነው ማለት አይቻልም፤ የብዙዎቹ ማቅለሽለሽ በ24 ሰዓት ውስጥ ይበርዳል። ነገር ግን ዋናውን ጉዳይ ይሸፍናል፤ ማን ሊያስመልሰው እንደሚችል ከቀዶ ሕክምናው በፊት በአራት ቀላል ጥያቄዎች መገመት ይቻላል፤ ዕድሉ ከፍ ያለውን ሰው አስቀድሞ መጠበቅም ይቻላል፤ ለዚህ የሚያገለግሉት መድኃኒቶችም አብዛኞቹ ብርቅ ወይም ውድ አይደሉም።

መጠኑን ለመረዳት ያህል፣ ምንም መከላከያ ካልተሰጠ ቀዶ ሕክምና ከሚደረግላቸው 100 አዋቂዎች መካከል 30 ያህሉን ያስመልሳቸዋል፤ 50 ያህሉን ደግሞ ያቅለሸልሻቸዋል። ዕድላቸው ከፍተኛ በሆነ ሰዎች ዘንድ ቁጥሩ እስከ 80 ይደርሳል። ችግሩ ከሰመመን ሕክምና እኩል ዕድሜ አለው። ኤተር የተባለው ማደንዘዣ በቦስተን ከተማ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 16 ቀን 1846 በአደባባይ ከታየ ሁለት ዓመት እንኳ ሳይሞላ፣ እንግሊዛዊው ሐኪም ጆን ስኖው ሕሙማን ከቀዶ ሕክምና በኋላ ቶሎ ከተንቀሳቀሱ እንደሚያስመልሳቸው ጽፎ ነበር። በኤተር ዘመን ከአራት ሰዎች ሦስቱ ያህል ያስመልሳቸው ነበር ይባላል። ዛሬ መድኃኒቶቹ ተለውጠዋል፤ ችግሩ ቀንሷል እንጂ አልጠፋም።

አካል ለምን ያስመልሳል?

ማስመለስ በሥረ መሠረቱ መከላከያ ነው። የሰው አካል መርዝ ገባብኝ ብሎ ሲጠረጥር ሆዱን ባዶ ያደርጋል። ትእዛዙን የሚሰጠው አንጎል ከኅብለ ሰረሰር ጋር በሚገናኝበት የታችኛው ክፍል ውስጥ የሚገኝ የነርቭ ሴሎች ስብስብ ነው። ይህ ስብስብ የሚያገኘው ወሬ ከአንድ አቅጣጫ ብቻ አይመጣም፤ ቢያንስ አራት ምንጮች አሉት፤ የሕክምናውም ውስብስብነት የሚመነጨው ከዚሁ ነው።

የመጀመሪያው ምንጭ ደም ነው። አንጎል በአብዛኛው በደም ውስጥ የሚዘዋወር ነገር ሁሉ እንዳይገባበት የሚያግድ አጥር አለው። ከአጥሩ ውጪ የተቀመጠ አንድ ትንሽ ቦታ ግን አለ፤ ሥራው ደሙን እየቀመሰ መርዝ መሰል ነገር ሲያገኝ ማስጠንቀቅ ነው። ሞርፊንና ፔቲዲንን የመሳሰሉ ጠንካራ የሕመም ማስታገሻዎች ይህን ቦታ ይቀሰቅሱታል። ሁለተኛው ምንጭ ሆድና አንጀት ነው። የአንጀት ግድግዳ ሴሎች ሴሮቶኒን የተባለ ንጥረ ነገር በብዛት ያከማቻሉ፤ አንጀት ሲነካካ፣ ሲነፋ ወይም በመድኃኒት ሲረበሽ ይህን ይለቁታል፤ ሴሮቶኒኑም ቬገስ የተባለውን ረጅም ነርቭ ቀስቅሶ መልእክቱን ወደ አንጎል ያደርሳል። ሦስተኛው የውስጠኛው ጆሮ ሚዛን ጠባቂ ክፍል ነው፤ መኪና ላይ ሰውን የሚያስመልሰው እርሱ ነው። ከሰመመን የነቃን ሰው አልጋ በችኮላ እየገፉ ጥግ ለጥግ ሲያዞሩት የሚያስመልሰው፣ ስኖው በዘመኑ በዓይኑ ያየው ነገር፣ በዚህ መንገድ የሚመጣ ነው። አራተኛው ራሱ የላይኛው አንጎል ነው፤ ፍርሃት፣ መጥፎ ሽታ፣ አጠገብ ያለ ሕመምተኛ ሲያስመልሰው ማየት፣ ያለፈው ኦፕራሲዮን ትዝታም ጭምር።

እነዚህ መንገዶች መልእክታቸውን የሚያስተላልፉባቸው ንጥረ ነገሮች የተለያዩ ናቸው፤ ሴሮቶኒን፣ ዶፓሚን፣ ሂስታሚን፣ አሴቲልኮሊን እና «ሰብስታንስ ፒ» የተባለው። አብዛኛው መድኃኒት ከእነዚህ አንዱን ወይም ሁለቱን ብቻ ስለሚያግድ አንድ መርፌ ብቻውን ለሁሉም ሰው የማይበቃበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ አንዱን በር መዝጋት በሌላው የሚገባውን አያስቀርም።

እዚህ ላይ ስለ ቋንቋችን አንድ ነገር ማንሣት ያስፈልጋል። በአማርኛ «አጥወለወለኝ» የሚለው ቃል ማዞርንም ማቅለሽለሽንም ያቅፋል። ሕመምተኛው «አጥወለወለኝ» ሲል አዳማጩ የደም ግፊት መውረድን ወይም ራስ ማዞርን ብቻ ሊረዳ ይችላል፤ በተለይ በውጭ አገር በአስተርጓሚ በኩል የሚነጋገር ሰው ቃሉ ወደ ማዞር ብቻ ተተርጉሞ የማቅለሽለሽ መድኃኒት ሳይሰጠው ሊቀር ይችላል። ስለዚህ «ወደ ላይ ይለኛል»፣ «ሊያስመልሰኝ ነው» ወይም «ቤቱ ዞረብኝ» ብሎ ለይቶ መናገር ይበጃል፤ ሁለቱም ካሉ ሁለቱንም።

አራቱ ጥያቄዎች

እ.ኤ.አ. በ1999 ክርስቲያን አፕፌል የተባለ ጀርመናዊ የሰመመን ሐኪም ከባልደረቦቹ ጋር ቀላል መለኪያ አቀረበ፤ እስከ ዛሬም በመላው ዓለም ይሠራበታል። መለኪያው የሚጠይቀው አራት ነገር ብቻ ነው፤ ሕመምተኛው ሴት ናት ወይ? ሲጋራ የማያጨስ ሰው ነው ወይ? ከዚህ ቀደም ከቀዶ ሕክምና በኋላ አስመልሶታል ወይም መኪና ያስመልሰዋል ወይ? ከቀዶ ሕክምናው በኋላ እንደ ሞርፊን ያለ ጠንካራ ማስታገሻ ይወስዳል ወይ? ለእያንዳንዱ «አዎ» አንድ ነጥብ ይያዛል። ምንም ነጥብ የሌለው ሰው ዕድሉ ከ100 ወደ 10 ይጠጋል፤ አንድ ነጥብ ያለው ወደ 20፣ ሁለት ያለው ወደ 40፣ ሦስት ያለው ወደ 60፣ አራቱንም ያሟላ ወደ 80።

ይህን መለኪያ ወደ አገራችን አምጥተን ስናስበው አንድ ትልቅ ነገር ይገለጣል፤ እኔም ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ የተነሣሁት በዋናነት በእርሱ ምክንያት ነው። በኢትዮጵያ ሲጋራ የሚያጨሱ ሴቶች እጅግ ጥቂት ናቸው። እንግዲህ አንዲት ኢትዮጵያዊት ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍል ስትገባ፣ ገና አንድም ጥያቄ ሳትጠየቅ ሁለት ነጥብ ይዛ ነው የምትገባው። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ሞርፊን፣ ፔቲዲን ወይም ትራማዶል የሚታዘዝላት ከሆነ ሦስት ይሆናል፤ ዕድሏም 60 ከ100። በዚያ ላይ በረጅም መንገድ አውቶቡስ ስትሳፈር ሎሚ እያሸተተች የምትጓዝ ዓይነት ሰው ከሆነች አራቱንም አሟላች ማለት ነው። ለእንደዚህ ዓይነቷ ሴት መከላከያ መስጠት ቅንጦት ሊባል አይገባም፤ ሳይሰጣት መቅረቱ ነው ምክንያት ሊጠየቅበት የሚገባው።

የማደንዘዣ ባለሙያው ከቀዶ ሕክምናው በፊት መጥቶ «መኪና ያስመልስሻል ወይ?» ሲል ጨዋታ ለማሞቅ እንዳልሆነ ከዚህ መረዳት ይቻላል። ካልጠየቀም ሕመምተኛው ራሱ መናገር አለበት። በአገራችን ሰመመን የሚሰጡት በአብዛኛው በሙያው በዲግሪ የሠለጠኑ የአንስቴዢያ ባለሙያዎች ናቸው፤ ሕመምተኛው ከቀዶ ሐኪሙ ጋር ብዙ ጊዜ ተገናኝቶ ከእነርሱ ጋር ግን ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ሊገናኝ ይችላል። በዚያች ደቂቃ ውስጥ «ባለፈው ኦፕራሲዮን ስሆን ሌሊቱን ሙሉ ሲያስመልሰኝ አደረ» የሚለው አንድ ዐረፍተ ነገር የሕክምናውን ዕቅድ ሊለውጥ ይችላል።

ሲጋራ አለማጨስ ዕድሉን ከፍ ማድረጉ አንዳንዱን ሰው ያስገርማል። ይህ ግን ለማጨስ ምክንያት አይሆንም፤ አጫሾች በሰመመን ጊዜ በሳንባቸው ላይ የሚደርስባቸው ችግርና የቁስላቸው ቶሎ አለመዳን ከማስመለስ እጅግ የከፋ ነው።

ከአራቱ ሌላ የሚጨመሩ ነገሮችም አሉ። ወጣት አዋቂዎች ከአረጋውያን ይልቅ ያስመልሳቸዋል። የሐሞት ከረጢትን በትናንሽ ቀዳዳ በካሜራ ማውጣትና የማኅፀን ቀዶ ሕክምና ችግሩን ያበዛሉ። ሕፃናት ከሦስት ዓመት በታች ሳሉ ብዙም አያስመልሳቸውም፤ ከዚያ በላይ ሲሆኑ ግን ከአዋቂዎች ሊበልጡ ይችላሉ፤ በተለይ የተንሸዋረረ ዓይን ሲስተካከልላቸውና ቶንሲላቸው ሲወጣ፣ በቶንሲሉ ጊዜ የዋጡት ደም ራሱ ሆድ ስለሚያውክ።

ጋዙ፣ መርፌውና ማስታገሻው

ሰመመን የሚሰጥበት መንገድም ለውጥ ያመጣል። እንደ ሃሎቴን፣ አይሶፍሉሬን እና ሴቮፍሉሬን ያሉት በትንፋሽ የሚሳቡ ማደንዘዣዎች ከነቁ በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ሁለት ሰዓታት ለሚመጣው ማስመለስ ዋነኛ ምክንያት ናቸው። ፕሮፖፎል የተባለው ወተት የመሰለ በደም ሥር የሚሰጥ ማደንዘዣ በአንጻሩ ማቅለሽለሽን ይቀንሳል፤ ስለዚህ ዕድሉ ከፍተኛ ለሆነ ሰው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በእርሱ ብቻ ማስተኛት አንዱ የመከላከያ መንገድ ነው። ከሁሉ የሚሻለው ደግሞ፣ ቀዶ ሕክምናው የሚፈቅድ ከሆነ፣ ሙሉ ሰመመንን ትቶ የሚቀደደውን የአካል ክፍል ብቻ ማደንዘዝ ነው።

የሕመም ማስታገሻን በተመለከተ ሚዛን መጠበቅ ያስፈልጋል። ሞርፊን የመሰሉት ሲያስመልሱ ሕመም ራሱም ያስመልሳል፤ ስለዚህ «እንዳያስመልሰኝ ማስታገሻ አልወስድም» ማለት አያዋጣም። የሚያዋጣው ማስታገሻዎችን ማጣመር ነው፤ ፓራሲታሞልን በሰዓቱ መስጠት፣ ኩላሊቱና ጨጓራው ለሚፈቅድለት ሰው ዳይክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን መጨመር፣ ቁስሉ ዙሪያ የሚያደነዝዝ መርፌ መውጋት። እንዲህ ሲደረግ የሚያስፈልገው የሞርፊን ወይም የትራማዶል መጠን ያንሳል፤ ማቅለሽለሹም አብሮ ይቀንሳል።

በጀርባ መርፌ የምትወልድ እናት

በአገራችን በብዛት ከሚደረጉት ቀዶ ሕክምናዎች አንዱ እናትን በኦፕራሲዮን ማዋለድ ነው፤ ብዙ ጊዜም የሚሠራው በጀርባ በሚሰጥ ማደንዘዣ እናቲቱ ነቅታ ሳለ ነው። የእርሷ ማቅለሽለሽ ከሌላው የሚለይበት ነገር ስላለ ሰፋ አድርጎ ማየት ይገባል።

መርፌው ከተሰጠ በኋላ ባሉት ደቂቃዎች የታችኛው አካል የደም ሥሮች ይላላሉ፤ ደሙ ወደ እግር ይወርዳል፤ የደም ግፊቱም ዝቅ ይላል። በጀርባዋ የተኛች ነፍሰ ጡር ከሆነች ማኅፀኗ ደም ወደ ልብ የሚመልሰውን ትልቅ የደም ሥር ስለሚጫን ግፊቱ ይብስ ይወርዳል። አንጎል የሚደርሰው ደም ሲያንስ ከሚታዩት የመጀመሪያ ምልክቶች አንዱ ማቅለሽለሽ ነው፤ አንዳንዴም የግፊት መለኪያው ቁጥሩን ከማሳየቱ በፊት እናቲቱ «ወደ ላይ አለኝ» ትላለች። በዚህች ሰዓት የማስመለስ መከላከያ መርፌ ብቻ መስጠት ምንጩን አያደርቅም፤ የሚያስፈልገው እናቲቱን ወደ ግራ ዘንበል ማድረግ፣ በደም ሥር የሚሰጠውን ፈሳሽ ማፍጠን፣ እንደ ፌኒሌፍሪን ወይም ኤፌድሪን ባለ መድኃኒት ግፊቱን ማንሣት ነው። ግፊቱ ሲመለስ ማቅለሽለሹም ብዙ ጊዜ ወዲያው ይለቃል። የልጁም ደም የሚመጣው ከእናቱ ስለሆነ ይህ ለሁለት ነፍስ የሚደረግ ሕክምና ነው።

ልጁ ከወጣ በኋላ ሌሎች ምክንያቶች ይተካሉ። ማኅፀን እንዲኮማተር የሚሰጠው ኦክሲቶሲን በፍጥነት ከተገፋ ግፊት ያወርዳል፤ ያቅለሸልሻል። ማኅፀኑ ለመሰፋት ወደ ውጭ ሲወጣ የሆድ ዕቃ ሽፋን ስለሚጎተት ማስመለስ ይቀሰቀሳል። ለቁስሉ ሕመም ተብሎ በጀርባው መርፌ ውስጥ ሞርፊን ከተጨመረ ደግሞ ማቅለሽለሹ ከሰዓታት በኋላ፣ ከማሳከክ ጋር፣ ሊመጣ ይችላል። እናቲቱ ማወቅ ያለባት አንድ ነገር ነው፤ ተኝታ ሳለች ማቅለሽለሽ ከተሰማት ሰው እንዳላውክ ብላ ዝም ማለት የለባትም። የማደንዘዣ ባለሙያው በራስጌዋ የተቀመጠው ይህን ለመስማት ነው፤ ቃሏ ከመለኪያ መሣሪያው እኩል ይጠቅመዋል።

መድኃኒቶቹ እና ሒሳባቸው

እ.ኤ.አ. በ2004 ከ5,000 በላይ ሰዎች የተሳተፉበት ትልቅ ጥናት ውጤቱ ታተመ። ከሦስት የተለያዩ የመድኃኒት ቤተሰቦች የመጡ ሦስት መድኃኒቶች፣ ኦንዳንሴትሮን፣ ዴክሳሜታዞን እና ድሮፔሪዶል፣ እያንዳንዳቸው ዕድሉን በሩብ ያህል እንደሚቀንሱ ታየ፤ አንዱ ከሌላው የሚበልጥ ሆኖ አልተገኘም፤ ሲደመሩ ደግሞ እያንዳንዱ ከቀረው ላይ ሩቡን ይቀንሳል። ይህን በቁጥር እንየው። ዕድሏ 60 ከ100 የሆነች ሴት አንድ መድኃኒት ስታገኝ ወደ 44 ይወርድላታል፤ ሁለተኛው ሲጨመር ወደ 33፤ ሦስተኛው ሲጨመር ወደ 24። ዕድሉ 10 የሆነ አጫሽ ወንድ ግን አንዱን መድኃኒት ቢወስድ ወደ 7 ብቻ ነው የሚወርድለት፤ ለእርሱ ብዙ መደራረብ ከጥቅሙ የጎንዮሽ ጉዳቱ ሊያመዝን ይችላል። አራቱ ጥያቄዎች ለምን እንደሚያስፈልጉ ይህ ሒሳብ በደንብ ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው ዓለም አቀፍ የባለሙያዎች መመሪያም አንድ ወይም ሁለት ነጥብ ላለው አዋቂ ሁለት፣ ከዚያ በላይ ላለው ሦስት ወይም አራት መከላከያ እንዲሰጥ ይመክራል።

ሰዓቱም ለውጥ አለው። ዴክሳሜታዞን ሥራውን የሚጀምረው ቀስ ብሎ ስለሆነ ቀዶ ሕክምናው ሲጀመር ይሰጣል፤ የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ግን ስኳሩ ከፍ ሊል ስለሚችል ክትትል ያስፈልገዋል። ኦንዳንሴትሮን አብዛኛውን ጊዜ ወደ መጨረሻው ይሰጣል፤ ለአዋቂ የተለመደው መጠን 4 ሚሊ ግራም ነው። ራስ ምታትና የሆድ ድርቀት ሊያመጣ ይችላል፤ በልብ ምት መዛባት ችግር የሚታከም ሰውም አስቀድሞ መናገር አለበት።

በአገራችን ሆስፒታሎች ከሁሉ የበለጠ የታወቀው ሕመምተኛውም ነርሷም «ፕላሲል» የሚሉት ሜቶክሎፕራማይድ ነው። በተለመደው 10 ሚሊ ግራም መጠን ከቀዶ ሕክምና በኋላ የሚመጣውን ማስመለስ አስቀድሞ ለመከላከል ያለው አቅም ደካማ ነው፤ ሌላ በሌለበት መጠቀም ቢቻልም ኦንዳንሴትሮንና ዴክሳሜታዞን ባሉበት በእርሱ ላይ ብቻ መመካት ተገቢ አይመስለኝም። አስታማሚ ስለ እርሱ ማወቅ ያለበት ሌላ ነገርም አለ። በአንዳንድ ሰዎች፣ በተለይ በልጆችና በወጣቶች፣ አንገት ሊጠመዝዝ፣ ዓይንን ወደ ላይ ሊሰቅል፣ መንጋጋን ሊያጣምም፣ ወይም ሰውን አላስቀምጥ አላስተኛ የሚል መቁነጥነጥ ሊያመጣ ይችላል። ይህን ያላወቀ አስታማሚ በሕመምተኛው ላይ ሌላ ነገር የወረደበት ይመስለዋል፤ ይደነግጣል። የመድኃኒቱ የጎንዮሽ ጉዳት ነው፤ ለሐኪም ወይም ለነርስ ወዲያውኑ ከተነገረ ማርከሻ መርፌ ይሰጠዋል፤ ብዙውን ጊዜም በፍጥነት ይለቃል። ከዚያ በኋላ ያ መድኃኒት እንደማይስማማው በካርዱ ላይ መጻፍ አለበት።

በውጭ አገር የሚኖሩ አንባቢዎች ሌሎችም ያጋጥሟቸዋል። ከጆሮ ጀርባ የሚለጠፈው ስኮፖላሚን አፍ ያደርቃል፤ ነክቶት ሳይታጠብ ዓይኑን ያሸ ሰውም የዓይኑ ብሌን ሊሰፋና እይታው ሊደበዝዝ ይችላል። አፕሬፒታንት የተባለው የሚዋጥ መድኃኒት ደግሞ የሆርሞን የወሊድ መከላከያን ኃይል ስለሚያዳክም፣ የወሰደችው ሴት ለአንድ ወር ያህል ሌላ ተጨማሪ መከላከያ መጠቀም ይኖርባታል።

መከላከያ ተሰጥቶም የሚያስመልሰው ሰው አለ። እንዲህ ሲሆን በመጀመሪያዎቹ ስድስት ሰዓታት ውስጥ ያንኑ መድኃኒት መድገም ብዙም አይረዳም፤ ከሌላ ቤተሰብ የሆነ መስጠት ይሻላል። ስለዚህ አስታማሚው «ቅድም የተሰጣት የትኛው ነው? አሁን የሚሰጣትስ ከእርሱ የተለየ ነው ወይ?» ብሎ በትሕትና ቢጠይቅ መብቱ ነው፤ ጥያቄውም ቁም ነገር ያለው ነው።

ጾሙ፣ ውኃውና የጠያቂው ምግብ

ከቀዶ ሕክምና በፊት ምግብ የሚከለከለው በሰመመን ጊዜ የጨጓራ ይዘት ወደ ሳንባ እንዳይገባ ነው። ክልከላው ግን ከሚገባው በላይ ሲረዝም ሕመምተኛውን ያደክማል፤ ሰውነቱን ያደርቃል፤ ለማቅለሽለሽም ያጋልጣል። ከሌሊቱ 6 ሰዓት ጀምሮ ምንም እንዳይቀምስ የታዘዘ ሰው ተራው ተንከባሎ ቀን 9 ሰዓት ቢደርሰው 15 ሰዓት ያለ ውኃ ቆየ ማለት ነው። በሰፊው ተቀባይነት ያለው መመሪያ ጠንካራና ቅባት ለበዛበት ምግብ 8 ሰዓት፣ ለቀላል ምግብ 6 ሰዓት፣ ለእናት ጡት ወተት 4 ሰዓት፣ ለጠራ ፈሳሽ 2 ሰዓት ነው። የጠራ ፈሳሽ የሚባለው ውኃ፣ ወተት የሌለው ሻይ፣ የመሳሰለው ነው፤ አጥሚት፣ ወተት፣ የማንጎ ወይም የአቮካዶ ጭማቂ እና ሾርባ በዚህ ውስጥ አይገቡም። ጠዋት ጸበል የጠጣ ሰውም የጠጣበትን ሰዓትና መጠኑን ሳያፍር ይናገር፤ ባለሙያው የሚፈልገው ሰዓቱን ማወቅ ብቻ ነው። ምጥ ላይ ያለች፣ አንጀቱ የተዘጋበት ወይም በድንገተኛ የመጣ ሰው ሆድ ግን በዚህ ደንብ ስለማይመራ የባለሙያውን ትእዛዝ መከተል ግድ ነው። ተራው የዘገየበት ሰው «እስከ ስንት ሰዓት ውኃ መጠጣት እችላለሁ?» ብሎ ቢጠይቅ መልካም ነው።

ከነቁ በኋላ ደግሞ ችኮላው ከቤተሰብ ይመጣል። ጠያቂ ባዶ እጁን አይመጣም፤ ሾርባው፣ ወተቱ፣ ጭማቂው አልጋው ዳር ይደረደራል፤ «ትንሽ ቅመሺ እንጂ» የሚለውም ፍቅር ነው። ነገር ግን እያቅለሸለሸው ያለን ሰው ማስገደድ ማስመለስን ይጠራል። ሐኪሙ መጠጣት ከፈቀደ በኋላ በትንሽ በትንሹ ውኃ መጉንጨት፣ ያ ሲረጋ ቀላል ምግብ ማስከተል በቂ ነው። ሽታው የሚከብድ ወጥና የሚጨስ ነገር ለጊዜው ከክፍሉ ይራቅ።

ሕመምተኛው ድንገት ከመነሣት ይቆጠብ፤ መጀመሪያ ይገላበጥ፣ ቀጥሎ ይቀመጥ፣ እግሩን አንጠልጥሎ ጥቂት ይቆይ፣ ከዚያ ይቁም። በደንብ ያልነቃ ሰው ማስመለስ ሲጀምር በጎኑ መተኛት አለበት፤ በጀርባው ተኝቶ ካስመለሰው ትውከቱ ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል፤ ይህም ከሚፈሩት ሁሉ ዋነኛው ነው። ሆዱን የተሰፋ ሰው ሲያስመልሰው ትራስ በቁስሉ ላይ ደግፎ ይያዝ፤ ግፊቱ ስፌቱን እንዳይጎዳ ያግዛል፤ ሕመሙንም ይቀንሳል።

መድኃኒት እስኪመጣ የሚረዱ ቀላል ነገሮችም አሉ። ለመርፌ ቆዳ የሚጠረግበትን የአልኮል ጥጥ አፍንጫ አጠገብ ይዞ ቀስ ብሎ መተንፈስ ለአጭር ጊዜ ፋታ እንደሚሰጥ በጥናት ታይቷል። ከእጅ አንጓ መስመር ሦስት ጣት ያህል ከፍ ብሎ፣ በውስጠኛው በኩል በሁለቱ ጅማቶች መካከል ያለውን ቦታ መጫንም እንዲሁ በብዙ ጥናቶች ጥቅም አሳይቷል፤ ዋጋም አይጠይቅም። የሎሚ ሽታ የሚያረጋጋው ሰው ሎሚውን ቢያሸት የሚከለክለው የለም። ስለ ዝንጅብል የተደረጉት ጥናቶች ግን አይስማሙም፤ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ሰውም ሳይጠይቅ አይውሰደው።

ወደ ቤት ከተመለሱ በኋላ

በዚያው ቀን ታክሞ ወደ ቤቱ የሚሄድ ሰው ማቅለሽለሹ መንገድ ላይ ወይም ማታ ሊጀምረው ይችላል፤ ሆስፒታል ሳለ ደኅና መሆኑ ዋስትና አይሆነውም። ረጅም መንገድ በመኪና የሚሄድ ከሆነ ከመውጣቱ በፊት ነገሩን አንሥቶ የሚዋጥ መድኃኒት ይታዘዝልኝ እንደሆነ መጠየቅ አለበት።

ታገሡ የማይባልበት ጊዜም አለ። ማስመለሱ ከአንድ ቀን በኋላ እየባሰ ከሄደ ወይም ከሁለት ቀን በላይ ከቆየ፣ ትውከቱ አረንጓዴ ወይም ደም የተቀላቀለበት ከሆነ፣ ሆድ ተነፍቶ ፈስም ሰገራም እምቢ ካለ፣ ትኩሳት ወይም እየጨመረ የሚሄድ የሆድ ሕመም ካለ፣ ሽንት ከቀነሰ፣ ትንፋሽ ካጠረ፣ ይህ የማደንዘዣ ጣጣ ነው ብሎ መጠበቅ አይገባም፤ የአንጀት መዘጋት፣ የቁስል መመረዝ ወይም ሌላ ከባድ ነገር ሊሆን ስለሚችል በዚያው ዕለት ወደ ሆስፒታል መመለስ ያስፈልጋል። በጀርባ መርፌ የታከመ ሰው ሲቀመጥ የሚብስ፣ ሲተኛ የሚቀል ከባድ ራስ ምታት ከማቅለሽለሽ ጋር ከመጣበትም እንዲሁ ይመለስ፤ ሕክምና አለው። ሕፃናት ቶሎ ስለሚደርቁ እንባ ሳይወርደው የሚያለቅስ፣ አፉ የደረቀ ወይም የሚፈዝ ልጅ አይታደርበትም።

ከሆስፒታል ሲወጡ በሚሰጠው ወረቀት ላይ ምን ዓይነት ሰመመን እንደተሰጠ፣ አስመልሶ እንደሆነ፣ የትኛው መድኃኒት እንደረዳና የትኛው እንዳልተስማማ እንዲጻፍ መጠየቅም ይገባል። ወረቀቱ ለሚቀጥለው ጊዜ የማደንዘዣ ባለሙያ ከአራቱ ጥያቄዎች አንዱን ገና ሳይጠይቅ ይመልስለታል።